ዲግሪ ይዤ እንጨት እልጋለሁ፤ ለቤተሰቤ እንዴት ልንገራቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ሥራ ስፈልግ ቆየሁና አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ለጊዜው ብዬ ነበር። አሁን ግን ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ የራሴ ደንበኞችም አሉኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ችግሩ፣ አባቴና እናቴ የኮንስትራክሽን ድርጅት ቢሮ የምሠራ ነው የሚመስላቸው። ጠዋት ሸሚዝ ለብሼ እወጣለሁ፤ እዚያ ስደርስ እቀይራለሁ። አባቴ ማታ ማታ ስለ ሥራው ይጠይቀኛል፤ ፈጥሬ እነግረዋለሁ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ያስተማረኝ ከአፉ ነጥቆ ነው። እናቴ ለእድር ሰዎች «ልጄ ኢንጂነር ነው» ትላለች። እውነቱን የምታውቀው ታናሽ እህቴ ብቻ ናት። አሁን አጎቴ አዲስ አበባ አንድ ኮንትራክተር ጋ ሥራ አግኝቶልኝ «ቶሎ ና» እያለኝ ነው። ራሴን ልሁን ወይስ ቤተሰቤን ላስደስት?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መጨረሻ ላይ የጻፍከው አንድ ጥያቄ ይመስላል። ለእኔ ግን ሁለት ነው። አንዱ ስለ ሥራህ ነው፤ ሌላው ስለ ሸሚዝህ። እንቅልፍ የነሳህ የመጀመሪያው ይመስልሃል። እኔ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ከሸሚዙ እጀምራለሁ።

በደብዳቤህ ውስጥ ስለ እንጨቱ አንድም የምሬት ቃል አላየሁም። ሥራውን ትወደዋለህ፤ ሰው ይፈልግሃል። ምሬቱ የሚጀምረው ቤት ስትገባ ነው። አባትህ ሲጠይቅህ፣ አንተ ያልሠራኸውን ሥራ ስትተርክለት። ደግሞ ነገ የምትለው ዛሬ ካልከው ጋር እንዳይጋጭ ማስታወስ አለብህ። ይህ ብቻውን የሙሉ ቀን ሥራ ነው።

ማይክል ስሌፒያን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ምስጢር ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ የሚያሳይ ጥናት አውጥቶ ነበር። ብዙዎቻችን የሚከብደው ፊት ለፊት ስንደብቅ ያለው ሰዓት ይመስለናል። እነሱ ያገኙት ሌላ ነው። ሰው ከሚደብቅበት ሰዓት ይልቅ ብቻውን ሆኖ ሐሳቡ ወደ ምስጢሩ የሚመለስበት ሰዓት ይበዛል። ደኅንነቱን የሚጎዳውም ይኸው መመላለስ ነው። አንተ ላይ ብናየው፣ እናትህ ፊት የምትዋሽባት አምስት ደቂቃ አይደለችም የምትጨርስህ። መላጊያህን ይዘህ በሰላም እየሠራህ ስልክህ ሲጮህና ልብህ ድንግጥ ሲል ነው። የጎረቤት ልጅ በባጃጅ ሲያልፍ ፊትህን ስታዞር ነው። የምትወደው ሥራ ላይ ሆነህ እንኳ እንደ ተደበቀ ሰው ነው የምትኖረው። እንዲህ ከቀጠለ ሥራውንም ትጠላዋለህ። ጥፋቱ ግን የሥራው አይሆንም።

አሁን ወደ ጫናው እንምጣ። ብዙ ወጣቶች «ደካማ ስለሆንኩ ነው እምቢ ማለት ያቃተኝ» ይሉኛል። አንተም እንዲህ የምታስብ ከሆነ ተው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ያደረገውን ሙከራ ልንገርህ። ሰዎች በቡድን ተቀምጠው የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ይጠየቃሉ። መልሱ ለማንም ግልጽ ነው። ነገር ግን ከአንዱ በስተቀር ሌሎቹ ሁሉ ቀድመው የተመከሩ ናቸው፤ አውቀው የተሳሳተውን ይመልሳሉ። ያ አንዱ ምስኪን ምን ያደርጋል? ከመልሶቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከሌሎቹ ስሕተት ጋር የተስማሙ ሆኑ። አስበው፤ እነዚያ ሰዎች አባቱም እናቱም አይደሉም።  ያም ሆኖ ዓይኑ ያየውን መናገር ከበደው። አንተ ደግሞ የምትጋፋው ያሳደጉህን ሰዎች ነው።

ከዚህ ሙከራ ለአንተ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ ሲናገር የዚያ ተጠያቂ ስሕተት በጣም ይቀንሳል። አንድ ሰው ይበቃል። አንተ ያ ሰው አለህ፤ እህትህ ናት። ሁለተኛ፣ መልሱን ጮክ ብሎ ከመናገር ይልቅ ለብቻው በወረቀት እንዲጽፍ የተፈቀደለት ሰው በይበልጥ ያየውን ይጽፋል። እኔም ለአንተ የምሰጥህ የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው። ማንም የማያይህ ቦታ ሆነህ ጻፍ።

ምን ልጻፍ ካልከኝ፣ ሦስት ጥያቄ አለኝ። አባትህና እናትህ ምንም የማይመስላቸው ቢሆን ነገ ጠዋት የት ትሄዳለህ? ሰው ሁሉ አናጺን አክብሮ ኢንጂነርን የሚንቅ ቢሆንስ አሁንም እንጨት ቤት ነህ? ሦስተኛው ከበድ ይላል፤ አጎትህ ያገኘልህ ሥራ ያኔ እንደ ተመረቅህ ቢመጣ ኖሮ ትሄድ ነበር? ሄደህስ ትወደው ነበር?

ሦስተኛውን የጠየቅሁህ አውቄ ነው። ወደ እንጨቱ የገባኸው ሥራ አጥተህ ነው፤ ራስህ ጽፈኸዋል። ይህ ነውር የለውም። ብዙ ሰው የሚወደውን ሥራ ያገኘው ሌላ ሲፈልግ ነው። ግን ሰው በምሬትም ሊመርጥ ይችላል። «ምህንድስናው አልፈለገኝም፤ እኔም አልፈልገውም» ብሎ። ወይም አባቱን ተቃውሞ ነፃ የወጣ መስሎት። የአባትህን ቃል ሳትመረምር መፈጸምና የአባትህን ቃል ሳትመረምር መቃወም፣ ሁለቱም መሪው በአባትህ እጅ ነው። ጄምስ ማርሺያ የተባለ ምሁር በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ወጣቶች ማንነት ሲጽፍ፣ አማራጮችን ሳይፈትሹ ሌሎች ባዘጋጁላቸው መንገድ ላይ የሚጸኑትን ለብቻ ለይቷቸዋል። ከውጭ ሲታዩ የተረጋጉ ናቸው። ግን የተረጋጉት ጥያቄው ስላልተነሣ ነው። አንተ ቢያንስ ጥያቄውን አንሥተሃል። እስከ መጨረሻው ውሰደው።

እዚህ ላይ አንድ የማልወደውን ምክር ላንሣ። «ቤተሰብህን ተዋቸው፤ የራስህን ሕይወት ኑር» የሚል ምክር ስልክህ ላይ ሞልቶ ታገኛለህ። በሌላ በኩል ደግሞ «ራስን መሆን የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ በማኅበር ነው የምንኖረው» የሚሉህ አሉ። ሁለቱም አይጠቅሙህም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ ኮሪያ፣ በሩሲያ፣ በቱርክና በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ተሠርቷል። ያገኙት ነገር በአራቱም አገር ተመሳሳይ ነው። ሰው የሚያደርገውን ነገር ራሱ አምኖበት ሲያደርገው ይሻለዋል። ሲገፋ ወይም እንዳያፍር ብሎ ሲያደርገው ይከፋዋል። ልብ በል፣ ከሰው ተለይቶ ማድረግ አልተባለም። የአባትህን ምክር ሰምተህ፣ መዝነህ፣ «ልክ ነው» ብለህ ብትከተለው ውሳኔው የአንተ ነው። ስለዚህ ጽፈህ ስትጨርስ ልብህ ወደ አዲስ አበባ ካጋደለ ሂድ። ራስህን ከዳህ የሚልህ የለም። እኔ የምፈራልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሸቱ እንዳይገለጥ ብለህ እንዳትሄድ።

አባትህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ አባት ሲነሳ «ኋላ ቀር» ተብሎ ይታለፋል። እኔ አልስማማም። አባትህ ጡረታ የወጡ መምህር ከሆኑ፣ እሳቸው ወጣት በነበሩበት ዘመን ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ ማለት ሥራ ማለት ነበር። በደርግ ጊዜ የተመረቀ ሰው መንግሥት ይመድበዋል። ሩቅ ወረዳ ይሁን እንጂ ደመወዝ አለ፤ ኋላም ጡረታ አለ። እሳቸው በዚያች ወረቀት ከድህነት ወጥተዋል፤ አንተን ያሳደጉህም በእሷ ነው። እንግዲህ ልጃቸው ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ መጋዝ ሲይዝ የሚታያቸው ምን ይመስልሃል? አንተ ነፃነት ታያለህ። እሳቸው ደግሞ የወጡበት ጉድጓድ ውስጥ ልጃቸው ተመልሶ ሲገባ ያያሉ። ቁጣቸው የሚወጣው ከዚህ ፍርሃት ነው። ፍርሃትን በክርክር አታሸንፈውም። ፍርሃትን የሚያስታግሰው ማስረጃ ነው።

ሌላም አለ፤ ከአባትህ በፊት የነበረ ነገር። የእጅ ባለሙያን መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ስንት ስድብ ተሸክመው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ያም ሆኖ ዛሬ «ምን ይሠራል?» ሲባል «አናጺ ነው» ለማለት ድምፃችን ዝቅ ይላል። ይህን ደግሞ በጅማ ስሰማው ያሳዝነኛል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን የጅማ በርጩማ የማያውቅ ማን ነው? ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰው ሄዶ የሚያደንቀው በእንጨት ሥራው ጭምር አይደለም? ከተማችን በምትታወቅበት ሙያ ልጆቿ እንዲያፍሩ ማድረግ ትልቅ በደል ነው። ይህን የምነግርህ ለአባትህ ንግግር እንድታደርግበት አይደለም። እባክህ እንዳታደርግ። አንተ ውስጥ ያለችው ትንሽ እፍረት ከየት እንደመጣች እንድታውቃት ነው። ምናልባት ሸሚዙን የምትለብሰው ለእነሱ ብቻ ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ አነጋገሩ። በእኛ ቤት ልማዱ ከባድ ነገር ሁሉ በእናት በኩል ማለፉ ነው። አንተም እናትህን ቀድመህ ለመንገር አስበህ ይሆናል። እኔ ከአባትህ ጀምር እላለሁ። ለእናትህ ብቻ ከነገርክ ምስጢሩን ለእሷ አሸከምካት ማለት ነው። እሷም አባትህን ስትፈራ፣ አንተን ስትከላከል፣ በመጨረሻ የሁለታችሁንም ቁጣ ትቀበላለች። እህትህም መልእክተኛ አትሁን። አጠገብህ ብትቀመጥ ግን ጥሩ ነው። ሽማግሌ መላክም አሁን አይሁን። አባትህ ነገሩን መጀመሪያ ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙ ከሥራህ ይልቅ ያ ያማቸዋል። ሽማግሌ የሚያስፈልገው ተነጋግራችሁ ነገሩ ሲጠብቅ ነው።

ቀን ምረጥ። በዓል አይሁን፤ እንግዳ አይኑር። ማታ ቡና ተጠጥቶ ቤቱ ሲረጋ ጥሩ ሰዓት ነው። ቃሉን አጭር አድርገው። እኔ እንዲህ ብትል እመርጣለሁ፦ «አባዬ፣ ዓመት ከመንፈቅ ዋሽቼሃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ቢሮ አይደለም የምሠራው። እንጨት ሥራ ቤት ነኝ። ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ ልቀጥልበት አስቤያለሁ። የዋሸሁህ አንተን ማሳዘን ፈርቼ ነው።» ከዚያ ዝም በል።

ልብ ብለህ እየው። ይቅርታ የጠየቅኸው ለውሸቱ ነው። ለእንጨቱ ይቅርታ አልጠየቅህም። ይህን ለይተህ ያዝ። ብዙ ሰው ሲደነግጥ ሁለቱን ይቀላቅላል። ስለ ውሸቱ የተሰማውን ጸጸት ሥራው ላይ ያፈስሰዋል፤ «እሺ፣ እተወዋለሁ» ብሎ ይወጣል። ከሳምንት በኋላ ያ «እሺ» አዲስ ውሸት ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ስለ ሥራው ትክክል ስለሆነ ብቻ ውሸቱን የሚያቃልል አለ። አባትህ በመታለላቸው መቆጣት መብታቸው ነው። በዚያ ቁጣ ላይ አትከራከር። «ልክ ነህ፣ መዋሸት አልነበረብኝም» ማለት ይበቃል።

«ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?» ሊሉህ ይችላሉ። ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። ተዘጋጅበት። ትምህርትህ ሥራው ላይ የሚያግዝህ ከሆነ፣ ለምሳሌ ንድፍ በአውቶካድ የምታወጣ፣ የእንጨትና የዋጋ ግምት የምትሠራ፣ የደረጃን ወይም የጣሪያን ክብደት የምታሰላ ከሆነ፣ በእውነተኛ ምሳሌ ንገራቸው። ካልሆነ አትፍጠር። የመፍጠር ዘመን አልቋል። ማስረጃ ያልኩህ ደግሞ ይህን ነው፦ በወር በአማካይ ስንት ታገኛለህ፣ ምን ያህል ቆጥበሃል፣ የራስህ መሣሪያ አለህ ወይ፣ ንግድ ፈቃድ ለማውጣት መቼ ታስባለህ። በደብተር ጽፈህ ያዝ። መምህር ናቸው፤ ደብተር ያነባሉ። ቁጥሩ ደካማ ከሆነም እንዳለ አሳያቸው። እንዲያውም እኔ ብሆን አባቴን ምክር እጠይቅበት ነበር። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ደግሞ ሥራ ቦታህን እንዲያዩ ጋብዛቸው። እምቢ ቢሉ አትጫን።

ለእናትህ በዚያው ማታ ይነገራት። ታለቅስ ይሆናል። «እድር ምን እላለሁ?» ብትልህ አትቆጣ። አንተ ቀን ቀን ከሰፈር ትወጣለህ፤ እሷ እዚያው ናት። የይሉኝታው ዕዳ በብዛት የሚወድቀው እሷ ላይ ነው። ደግሞ «ልጄ ኢንጂነር ነው» ማለቷ ውሸት አይደለም። በዚያ ተመርቀሃል። ቀስ ብላ፣ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ቃል ትናገር። ጎረቤት ዞረህ የማወጅ ግዴታ የለብህም። ግን ማንም ቢጠይቅህ አንተ ራስህ ከእንግዲህ አትዋሽ፤ እሷም እንድትዋሽልህ አትጠይቃት።

የአጎትህን ነገር በማግስቱ ጨርሰው። ከዚያ አታሳድር፤ ለአባትህ መደወላቸው አይቀርም። የማትሄድ ከሆነ ራስህ ደውለህ አመስግናቸውና ምክንያቱን ግልጽ አድርገህ ንገራቸው። ሰው ፊት ቀርበው ለምነውልሃል። ይህን ቢያንስ በጊዜ በማሳወቅ አክብርላቸው፤ ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ወጣት ሞልቷል።

አባትህ ለብዙ ጊዜ ቢያኮርፉስ? ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራህም ይኸው እንደሆነ እገምታለሁ፤ ምናልባትም እርግማን። በምክር ሥራዬ እንደማየው የአባት የመጀመሪያ ቃል ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ቃሉ አይሆንም። አንተ ግን ዝምታቸውን በዝምታ አትመልስ። ጠዋት ሰላም በል። ለቤት የምታዋጣውን ገንዘብ አታቋርጥ። ሲታመሙ አንተ ውሰዳቸው። ልጅነትህን እንደያዝክ በሥራህ መጽናት ትችላለህ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ለእሳቸውም ጊዜ ይወስድባቸዋል። ወር ሁለት ወር አልፎ ምንም ካልተነቃነቀ፣ ያኔ አባትህ የሚያከብሩትን አንድ የድሮ ባልደረባቸውን ሽማግሌ አድርገህ ላክ። ቤት ውስጥ መኖር እስከማይቻል ከደረሰም የጥቂት ወር የቤት ኪራይ ለብቻ አስቀምጥ። ያ ገንዘብ መኖሩ ብቻ አነጋገርህን ያረጋጋዋል።

የመጨረሻው ስለ ጤናህ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብ ካልበላህ፣ የምትወደው ሥራ ራሱ ካስጠላህ፣ ወይም መኖር ከንቱ ነው የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ይህን ጽሑፍ እንደ መድኃኒት አትቁጠረው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እህትህን ይዘህ ሂድ። ስለ አባትህ የምታስበውን ሁሉ ከእነሱም ጋር መነጋገር ትችላለህ።